የፈርኑ ዋግና ዘጠኙ ጣሳዎች

መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜም አልካድኩም፤ አሁንም አልክድም። ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ሳስተምር፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በስተግራ የፈርን ቅጠል፣ በስተቀኝ የስንዴ ቅጠል ሣልኩ። ሁለቱንም በቢጫ ጠመኔ አዥጎረጎርኳቸው። ከላይ «ዋግ የሚያመጡ ፈንገሶች» ብዬ ጻፍኩና ሁለቱን ሥዕሎች በአንድ መስመር አገናኘኋቸው። እንዳይጣመም በእንጨት ማስመሪያ ነው ያሰመርኩት፤ የተጣመመ መስመር አልወድም። በዚያ ቀጥ ያለ መስመር ምክንያት አንድ ግድግዳ ሙሉ ፈርን ሊታጨድ ደረሰ። ከፈርኑ ጋር ደግሞ፣ እኔ እስከማውቀው በአካባቢያችን ሌላ ቦታ ያልታየ ነገር ሊጠፋ ነበር።

ነገሩን በቅደም ተከተል ልናገር።

ተወልጄ ያደግሁት ደምበጫ ነው። እዚህ ተመድቤ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ውኃ የምቀዳው ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ሥር ካለው ምንጭ ነው። ምንጩ ከጥቁር የድንጋይ ግድግዳ ሥር ይወጣል። ግድግዳው ክረምት ከበጋ ያንጠባጥባል፤ ከላይ እስከ ታች በፈርን ተሸፍኗል። ፈርን የምለው የመማሪያ መጽሐፉ እንዲያ ስለሚለው ነው። የመንደሩ ሰው «የምንጭ ቅጠል» ብሎ ያልፈዋል። ከብት አይበላውም፤ ማገዶ አይሆንም፤ ለመድኃኒትም ሲፈለግ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ያየሁት ጀሪካኔ እስኪሞላ የምሠራው ስላጣሁ ነው።

ፈርን አበባ የለውም፤ ዘርም የለውም። የሚራባው በቅጠሉ ጀርባ በሚያፈራው ደቃቅ ቡናማ ዱቄት ነው። ቅጠሉን ብትገለብጡት ዱቄቱ የተቀመጠባቸውን ነጥቦች ታገኛላችሁ፤ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ እኩል ተራርቀው። ይህን ሥርዓታቸውን ስለወደድኩት ውኃ በቀዳሁ ቁጥር አንድ ሁለት ቅጠል መገልበጥ ልማድ ሆነብኝ። ባለፈው መስከረም አንድ ቅዳሜ ግን፣ ግድግዳው ከሁሉ በላይ በሚረጥብበት በታችኛው ጫፍ፣ የገለበጥኩት ቅጠል ሥርዓት አልነበረውም። በቡናማዎቹ መሀል ቢጫ ነጥቦች ተበታትነዋል። አንዱ ትልቅ ነው፣ አንዱ ትንሽ፤ አንዱ ከአንዱ ላይ ወጥቷል። በአውራ ጣቴ ስነካው ቢጫ ዱቄት ያዘኝ።

ሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ያለችውን አንድ አጉሊ መነጽር ተውሼ ተመለስኩ። መስተዋቷ ተጫጭሯል፤ ቢሆንም ታሳያለች። የቅጠሉ ቆዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ፈንድቷል፣ እንደ ብጉር። ዱቄቱ ከላይ የወደቀ አይደለም፤ ከቅጠሉ ሥጋ ውስጥ የወጣ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ የማውቀው በስንዴ ላይ ነው፤ እሱንም ማንኛውም የዚህ አገር ገበሬ ያውቀዋል፤ ዋግ ይለዋል።

ፎቶ አንሥቼ ዩኒቨርሲቲ ላስተማሩኝ መምህር በቴሌግራም ላክሁላቸው። በሦስተኛው ቀን መለሱልኝ። በፈርን ላይ ብቻ የሚኖር ጥገኛ ፈንገስ እንደሚመስላቸው፣ የስንዴ ዋግ የሩቅ ዘመድ እንደሆነ፣ እሳቸው ግን በአገራችን በዓይናቸው አይተውት እንደማያውቁ ጻፉ። ናሙናው ሳይመረመር ስም መስጠት አይቻልም አሉ። ታኅሣሥ ላይ ራሳቸው ሊመጡ ቃል ገቡ። መጨረሻ ላይ የጻፏት ዓረፍተ ነገር ይቺ ነበረች፦ «እስከዚያ ቦታውን ጠብቂልኝ፤ ቅጠሉንም ብዙ አትቁረጪ።»

አደራ ተሰጠኝ ማለት ነው። እኔ ደግሞ አደራውን ተቀብዬ ዝም ማለት ሲገባኝ ማስተማር ጀመርኩ።

ምክንያት ነበረኝ። በዚያ ዓመት ቢጫ ዋግ በርትቶ ነበር። በስንዴ ማሳ መሀል አቋርጦ የመጣ ተማሪ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ቢጫ ሆኖ ክፍል ይገባል። መጽሐፉ ስለ ፈንገስ የሚያወራው የዳቦ ሻጋታንና እርሾን ነው። ልጆቹ በሱሪያቸው ላይ ፈንገስ ተሸክመው መጥተው ስለ ዳቦ ሻጋታ ልንገራቸው? አልነገርኳቸውም። ወደ ምንጩ ወሰድኳቸው፤ ሁለቱን ቢጫ ዱቄቶች በነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አሳየኋቸው፤ ተመልሰን ክፍል ገባንና ያን ሥዕል ሣልኩ። ልጆቹ በየደብተራቸው በሥርዓት ገለበጡት። በተለይ አንዲት ከፊት የምትቀመጥ ልጅ፣ እጇ እንደ ማተሚያ መኪና ነው፤ መስመሩን ሳይቀር በማስመሪያ አድርጋ ገለበጠችው።

በሚቀጥለው ረቡዕ፣ የገበያ ቀን ነው፣ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ የልጅቷ አባት ደብተሯን ይዘው ከፊቴ ቆሙ። በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት የደገሙ፣ የልጆቻቸውን ደብተር ገጽ በገጽ የሚያነቡ ገበሬ ናቸው። የስንዴ ማሳቸው ከምንጩ በታች፣ ውኃው በሚወርድበት ቦይ ጥግ ነው። ግማሹን ዋግ መትቶባቸዋል።

«መምህርት፣ ይህን ያስጻፍሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እግዜር ይስጥልኝ። ሠላሳ ዓመት ሳርስ ይህ ነገር ከወዴት እንደሚመጣብኝ የነገረኝ የለም።» ጣታቸውን ከፈርኑ ሥዕል አነሡ፤ በመስመሩ ላይ ቀስ ብለው ነዱትና ስንዴው ላይ አቆሙት። «ከዚህ ተነሥቶ፣ በዚህ አርጎ፣ እዚህ።»

ሽንኩርቱን ጣልኩት። መስመሩ መንገድ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። በሳይንስ መጽሐፍ እንዲህ ያለ መስመር ዝምድናን ነው የሚያሳየው፤ ሁለቱ የአንድ ቅድመ አያት ልጆች ናቸው ለማለት ነው፤ አንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል ማለት አይደለም።

«እሱንስ አየሁት» አሉ። «የአንድ አያት ልጆች ከሆኑ ታዲያ፣ ያንዱ ቤት ሲደገስ ሌላው ይቀራል?»

ሽንኩርት ሻጭዋ ሳቀች፤ ከኋላዋ ያሉትም ሳቁ። እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። ማስረዳት ስጀምር ማቆም ይቸግረኛል። እያስረዳሁ በሄድኩ ቁጥር ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። በመጨረሻ «ምንጩ ላይ ዋግ አለ» የሚለውን ያልሰማ ሰው በገበያው አልቀረም፤ ያሰማሁትም እኔ ነኝ።

የወረዳው የሰብል ባለሙያ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነ ወጣት፣ ድንች አስጭኖ ሲያልፍ ጠሩት። እሱ ይፈርድልኛል ብዬ ነበር። ደብተሩን አየና፣ «እርግጥ ነው፣ ሥልጠና ላይ እንደነገሩን አንዱ የዋግ ዓይነት በስንዴ ብቻ አይኖርም፤ በአንድ እሾሃማ ቁጥቋጦም ላይ ያድራል። ፈርን ላይ አያድርም ብዬ ልፈርም አልችልም» አለ።

የተናገረው ስለ ቁጥቋጦው እውነት ነው። ክፋቱ እውነት መሆኑ ነው።

ነገሩ እዚያው ገበያው መሀል ተቆረጠ። በእኛ አገር በኅዳር ሚካኤል ቆሻሻ ተሰብስቦ ይጤሳል፤ በሽታ በጭሱ ይሸኛል ይባላል። ሚካኤል ዕለት ግን ማጭድ አይነሣም፣ በዓል ነው። ስለዚህ በዋዜማው፣ ኅዳር አሥራ አንድ ጠዋት፣ ደቦ ወጥቶ ግድግዳው ይታጨዳል፤ በማግሥቱ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ይቃጠላል። ወደ አራት ሳምንት ቀርቶኛል።

ግድግዳው የቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ ስለሆነ ፈቃዱ ያለው በቄሰ ገበዙ እጅ ነው። ቄሰ ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ደን የሚጠብቅ ካህን ነው። የኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ የተኙ እየመሰሏችሁ ትታለላላችሁ። በማግሥቱ ከትምህርት በኋላ ቤታቸው ስደርስ የልጅቷ አባት ቀድመውኝ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«ቅጠል ነው፣ ልጄ» አሉኝ ቄሰ ገበዙ። «ዛሬ ቢታጨድ ለክረምት ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ምን አስጨነቀሽ?»

«ቅጠሉ ይመለሳል፣ አባ። በቅጠሉ ላይ ያለው ግን ላይመለስ ይችላል። በሕይወት ያለ ቅጠል ከሌለ አንድ ወር አይቆይም። ሌላ ቦታ ፈልጌ አላገኘሁትም።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «እንግዲህ የምትለምኚው በሽታው እንዳይሞት ነው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ነገሩን አለስልሼ አስረዳ ነበር። ያን ቀን ግን አላለሰለስኩም። «አዎ፣ አባ» አልኩ።

«አርባ ዓመት በዚህ ደብር ሳገለግል ከበሽታ አድነኝ የሚል ነው የማውቀው። ለበሽታ የሚማልድ ሰው ሲመጣብኝ ያንቺ የመጀመሪያው ነው።»

«ለኔ ስንዴስ ማን ይማልድለት?» አሉ አባትየው። አልጮኹም፤ ወደ መሬት እያዩ ነው የተናገሩት። «ስድስት ነፍስ ነው የሚበላው። ያቺ ቅጠል ማንን አበላች?»

ማንንም አላበላችም። ያለኝ ሌላ ነገር ነበር፦ የፈርኑ ዋግ ስንዴያቸውን እንዳልመታው አምኜ ነበር። አምኜ ነበር እንጂ አላየሁም። መጻሕፍቱ እያንዳንዱ ዋግ የራሱን ተክል መርጦ ይኖራል ይላሉ፤ ነገር ግን መጻሕፍቱን የጻፉት ሰዎች እዚህ ምንጭ አልደረሱም። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ «እኔን አትመኑኝ። እንፈትነው። በጣሳ ስንዴ እንዝራ። በአንዳንዱ ላይ የፈርኑን ዱቄት፣ በአንዳንዱ ላይ ከእርስዎ ማሳ የመጣውን ዱቄት እንነስንስ። የፈርኑ ዱቄት ስንዴውን ከመታው በኅዳር አሥራ አንድ እኔ ራሴ ማጭድ ይዤ እወጣለሁ።»

«በማን ዘር?» አሉ አባትየው።

«በእርስዎ።»

«በማን እጅ?»

«በእርስዎ እጅ።»

«ከዚያ ማታ ማታ ሄደሽ ብታራግፊውስ?»

ተናደድኩ። «እኔስ እርስዎ ከማሳዎ እፍኝ ዱቄት አምጥተው የፈርኑ ጣሳ ላይ ባይነሰንሱ በምን አውቃለሁ?»

ቄሰ ገበዙ ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ» አሉ። «ጣሳዎቹ እዚህ መደብ ላይ ይቀመጣሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔ ብቻ አውቃለሁ።»

ዘጠኝ የድልህ ጣሳ ሰበሰብኩ፤ ሥራቸውን በምስማር በሳሁ። አንድ ዓይነት አፈር ሞላሁባቸው። አባትየው በየጣሳው አምስት አምስት ፍሬ ዘሩ። ስንዴው በቅሎ ሁለት ሁለት ቅጠል ሲያወጣ፣ በዶሮ ላባ፣ በእርጥብ ቅጠል ላይ፣ በገዛ እጃቸው ነሰነሱ፤ በሦስቱ የፈርኑን፣ በሦስቱ የማሳቸውን፣ ሦስቱን ግን ምንም ሳያስነኩ ተዉአቸው። ሦስቱ ለምን ባዶ እንደሚቀሩ አስረዳሁ። «ሳንነካው የሚሆነውን ካላወቅን በነካነው የሆነውን ማወቅ አንችልም» አልኩ። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህቺ ገብታቸዋለች። ዱቄቱ በእጃቸው እንዳይቀላቀል በየመሀሉ በሳሙና እንዲታጠቡ ስነግራቸው ግን «ቅዳሴ ልገባ ነው እንዴ?» አሉኝ። ቢሆንም ታጠቡ።

ከዚያ ቄሰ ገበዙ ሁለታችንንም ከግቢ አስወጡን። ስንመለስ ጣሳዎቹ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ በከሰል የግዕዝ ቁጥር ተጽፏል፣ ከ፩ እስከ ፱። የትኛው ቁጥር ምን እንደሆነ የያዘው ወረቀት በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ገብቷል። ትንሽ ከፋኝ። ቤቴ ስደርስ ደግሞ አፈርኩ። «የሳይንሳዊ ምርምር ዘዴ» የሚለውን ምዕራፍ በየዓመቱ መጀመሪያ አስተምራለሁ፤ ፈታኙ ራሱ እንዳያዳላ ምልክቱን መደበቅ እንደሚገባ ግን ትዝ ያለኝ ሽማግሌው ከሠሩት በኋላ ነው።

እርጥበት እንዲይዙ ሁለት ቀን በፌስታል ሸፈንናቸው፤ ዶሮ እንዳይጭራቸው በእሾህ አጠርናቸው። ቄሰ ገበዙ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መልእክት ላኩብኝ፦ ጠበል ቢያጠጧቸው ፈተናው ይበላሻል ወይ? ለሁሉም እኩል ከሆነ አይበላሽም ብዬ መለስኩ። ሲያጠጡ በአንዲት የቡና ስኒ እየለኩ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ዋግ ተክሉን ከያዘ በኋላ እስኪታይ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ሁለቱን ሳምንት በደኅና አላሳለፍኳቸውም። ተማሪዎቹ «የበሽታ ጠበቃ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ ኮሪደር ላይ ስደርስ አንዱ ሆን ብሎ ያስላል፣ ሌላው «ቲቸር፣ ጉንፋኔን እንዳትነኩብኝ» ይላል። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ጠርተው ከመጽሐፉ ባልወጣ ይህ ሁሉ ባልመጣ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ባልመጣ። ከመጽሐፉ እንደማልወጣ እንድፈርም ወረቀት ሰጡኝ። አነበብኩት፤ ሁለት የፊደል ስሕተት ነበረው፤ አርሜ፣ ሳልፈርም መለስኩላቸው። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ አላውቅም።

የከፋኝ የባለሙያው ነው። ሻይ ቤት አገኘኝና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እሺ፣ ስንዴውን አልመታም እንበል» አለ። «ከዚያስ? ምን ይጠቅማል?»

«አላውቅም።»

«ለመድኃኒት?»

«አላውቅም አልኩህ።»

«ምንም የማይጠቅም ነገር አቅፈሽ ነው እንግዲህ ከገበሬ የምትጣይው?»

«አንተ ምን ትጠቅማለህ ተብሎ ነው እንዴ ሚካኤል ዕለት የማትቃጠለው?»

ሻዩ ትን አለው። የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፣ «እሷን ተዋት፣ ከፍለህ ሂድ» አሉት። ያልኩት ነገር ጨዋነት እንደጎደለው አውቃለሁ። ግን ቆይቼ ሳስበው ከዚያ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። አንድ ሕይወት ያለው ነገር በጭንጫ ግድግዳ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ቅጠል ጀርባ፣ ማንንም ሳይነካ የኖረ እንደሆነ፣ ለመኖሩ ከእኔ ማስረጃ የሚጠየቅበት ምክንያት አይታየኝም። ቅጠሉን እንኳ አይገድለውም፤ ቢገድለው ራሱም ስለሚሞት ልኩን ያውቃል።

በየሁለት ቀኑ ጣሳዎቹን ከእሾሁ ውጭ ቆሜ አያለሁ፤ መንካት ተከልክያለሁ። አባትየውም ይመጣሉ። ሁለታችንም አጠገብ ለአጠገብ ቆመን፣ እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን፣ ሳንነጋገር እንመለከታለን። በአሥረኛው ቀን በ፬ ቁጥር ላይ ፈዛዛ ነጥብ ታየ። አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ወደ እሾሁ ጠጋ አልኩ፤ ፬ የማን እንደሆነች አላውቅማ።

ኅዳር አሥራ አንድ ማለዳ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ቄሰ ገበዙ ቤት ደረስኩ። ደቦው ምንጩ ጋ እየተሰበሰበ ነበር፤ ማጭድ ሲሳል ይሰማኛል። አባትየው ወዲያው ተከትለውኝ መጡ፤ ባለሙያውም መጣ፤ ማን እንደጠራው እንጃ። ቄሰ ገበዙ እሾሁን አነሡና ጣሳዎቹን በቁጥራቸው ደረደሩ።

አራቱ ታመዋል። ፪፣ ፬ እና ፱ ቅጠላቸው በቢጫ ዱቄት ተሸፍኗል። በ፯ ላይ ደግሞ በአንዲት ቅጠል ብቻ ሁለት ትንንሽ ቢጫ ነጥቦች አሉ። አምስቱ ንጹሕ ናቸው።

አራት። ሦስት ቢሆኑ ገና ወረቀቱ ሳይነበብ እተነፍስ ነበር። አራት ከሆኑ ግን ቢያንስ አንዱ ያልተጠበቀ ነው። አባትየው ጣታቸውን ፯ ላይ ቀሰሩ። «ይቺን ንገሩን፣ አባ። ሌላውን ተዉት። ይቺ የፈርኑ ከሆነች ነገሩ አለቀ።»

«ይቺ የፈርኑ ከሆነች» አልኩ እኔም፣ «ማጭድ ስጡኝ።»

ቄሰ ገበዙ አልቸኮሉም። ማኅደሩን ፈቱ፤ ዳዊታቸውን ተሳለሙ፤ ወረቀቱን አወጡ። ከ፩ ጀመሩ። ፯ን ዘግይቼ እንደምሰማ እያወቅሁ አንድ በአንድ ሰማሁ። ፪፣ ከማሳው። ፬፣ ከማሳው። ፭፣ የፈርኑ፤ ንጹሕ። ፮፣ የፈርኑ፤ ንጹሕ። ፯ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠጉት።

«፯፣ ያልተነካ።»

ባለሙያው ቀድሞ ገባው፤ ግን የተናገሩት አባትየው ናቸው። «ማንም ያልነካው ታመመ?»

«ከእርስዎ ማሳ ወይም ከጎኑ ካለው ጣሳ ነፋስ አምጥቶበታል» አልኩ። «የስንዴ ዋግ ከስንዴ ወደ ስንዴ በነፋስ ነው የሚሄደው። ማንም መንገድ አላበጀለትም።»

፰ና ፱ም ተነበቡ፦ የፈርኑ፤ ንጹሕ። ከማሳው፤ የታመመ። አባትየው ቁጭ ብለው የፈርኑን ሦስቱን ጣሳዎች አንድ በአንድ አነሡ፤ እያንዳንዱን ቅጠል ገለበጡ፤ አጉሊ መነጽሯን ለመኑኝና በእሷ ደግመው አዩ። ብዙ ቆዩ። ሦስት ጣሳ ሁሉን ነገር አያረጋግጥም፤ ይህን አውቃለሁ፤ በሌላ ዓመት በሌላ ዘር ደግሜ እፈትነዋለሁ። ለዚያ ጠዋት ግን በቂ ነበር። ተነሥተው አፈሩን ከጉልበታቸው አራገፉ። «እንውረድ» አሉ።

ስንወርድ ደቦው አልጠበቀንም ነበር። ከታች ጀምረው ወደ ላይ ያጭዳሉ፤ የግድግዳው ሢሶ ተገፍፏል። የታጨደው ከምንጩ አፍ አጠገብ ያለው፣ ከሁሉ በላይ የሚረጥበው፣ ቢጫው ያለበት ነው።

አባትየው ድምፃቸውን አላነሡም። «ተዉት፣ ይብቃ» አሉ። አንዱ ጎልማሳ ማጭዱን እንደያዘ «ምነው፣ አንተ አይደለህም የጠራኸን?» ሲላቸው፣ «ጠርቻለሁ። አሁንም እኔ ነኝ የምመልሳችሁ። ጠላው ቤት አለ፣ ኑ ጠጡና ወደየማሳችሁ» አሉት። ወደ እኔ ዞር ብለው ደግሞ፣ «ያን መስመርሽን ግን አጥፊው» አሉኝ።

«አላጠፋውም፣ ጋሼ። ልክ ነው።»

«ልክ ሆኖ ነው ይህን ያመጣው?»

«ልክ ሆኖ ነው። ያልጨረስኩት እኔ ነኝ እንጂ መስመሩ አልተሳሳተም።»

አዩኝ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም ለታጨደው አልተቆጣኋቸውም። ደብተሩን ያስጻፍኩት እኔ፣ ማሳቸው የጠፋባቸው እሳቸው፤ ማን ማንን ይቅር ይላል? ከደቦው ጋር ተከትለው ሄዱ። እኔ ጫማዬን አውልቄ የታጨደው ክምር ውስጥ ገባሁ፤ ቢጫ ያለባቸውን ቅጠሎች እየለቀምኩ በጋዜጣ መሀል አስገባኋቸው፤ ለዩኒቨርሲቲው መምህር ናሙና ይሆናሉ። ከዚያ ያልታጨደውን ግድግዳ ቅጠል በቅጠል መገልበጥ ያዝኩ። ቡናማ፣ ቡናማ፣ ቡናማ፣ በሰልፍ። በሕይወቴ ሥርዓት እንዲያ ያስጠላኝ ቀን የለም።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ማጭድ ያልደረሰበት ቦታ፣ በአንድ ቅጠል ላይ ሦስት ቢጫ ነጥብ አገኘሁ። እስኪመሽ አራት ቅጠል ሆኑ። ከዚያ በላይ የለም። በስንጥቁ አፍ ላይ ድንጋይ ደረደርኩ፤ ፍየል እንዳይደርስበት።

በማግሥቱ ሚካኤል ነበር። ከየደጁ ጭስ ተነሣ። የታጨደው ፈርን ከቆሻሻው ጋር ተከምሮ እሳት ተለኮሰበት፤ ውኃ የጠጣ ቅጠል ነውና አልነድ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ጨሰ እንጂ። ቄሰ ገበዙ ከቅዳሴ መልስ ከጎኔ ቆመው ሲያዩት ቆዩና፣ «በሽታሽ ጠንካራ ነው» አሉኝ።

ሰኞ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ሰሌዳውን ጠረግሁ። በስተግራ ፈርን፣ በስተቀኝ ስንዴ፣ ከላይ ርእሱን። ማስመሪያውን አነሣሁና ያንኑ መስመር አሰመርኩ፤ ከበፊቱ አወፈርኩት። በላዩ ላይ «አያታቸው አንድ፣ ቤታቸው ለየብቻ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ዘጠኝ ጣሳ ሣልኩ፤ ፯ ቁጥርን ሳልደብቅ፣ ከነሁለት ነጥቧ።

የአባትየው ልጅ ገልብጣ ስትጨርስ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይህንንም ቤት ወስደን እናሳይ?»

ክፍሉ ሳቀ። ርእሰ መምህሩ በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ ያየሁ መሰለኝ።

«አሳዩ» አልኩ። «ጥያቄ ያለው ረቡዕ ገበያ፣ ሽንኩርት ተራ ያገኘኛል በሉ።»